ሁለቱን የምሕረት ነጥብ ስለመመለስ

ለክቡር ፕሮፌሰር ዋጊህ ሺንዲ
የፋኩልቲው ዲን፣ የማክሮ ኢኮኖሚክስና የመንግሥት ፖሊሲ መምህር፣ የመማሪያ መጽሐፉ ደራሲ፣ የፈተናው አራሚ፣ እንዲሁም የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? ስኳርዎም ግፊትዎም በመጽሐፍዎ ምዕራፍ አምስት እንዳሉት ዋጋዎች ፍንክች ሳይሉ እንደሰነበቱ ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኔ ከዚፍታ ከተማ የምመላለሰው የአራተኛ ዓመት ተማሪዎ ሻሂናዝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። መውደቄን የሚገልጸው ወረቀትም በሰላም ደርሶኛል። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ለስብሰባ ካይሮ ሄደዋል ስለተባልኩ ነው። ስብሰባው ስለ ድሆች ኑሮ የሚመክር መሆኑን ስሰማ፣ እንኳንም ሄዱ ብዬ ተመለስኩ።

አንደኛ፣ ስለ መጽሐፍዎ ላመሰግን። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ቁራጭ ቀድደን፣ አዲስ መግዛታችን እንዲታወቅ ስማችንን ጽፈን ለዘበኛው እንድናስረክብ በማዘዝዎ፣ ከእህቷ መጽሐፍ የወረሰች ተማሪ እውቀቱን ልትወርስ እንደማትችል ተምረናል። ምዕራፍ አምስትን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ፦ የዳቦ ዋጋ ለዓመታት ስላልተነካ የዋጋ ግሽበት ወደ ድሃው ማዕድ አልደረሰም ይላል። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ግልጽ ነው፤ ለፈተናም ይመቻል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሦስተኛው ጥያቄ። የዳቦ ድጎማው ፖሊሲ የድሃውን ማዕድ ከግሽበት እንዴት እንደጠበቀ እንድናብራራ ሃያ ነጥብ መድበው ነበር። ጥፋቴን አልክድም፤ በመጀመሪያው ሳምንት፣ መጠኑ ያልታወቀ ዕቃ ዋጋ አለው አይባልም ብለው ያስተማሩንን እኔ ሞኟ የምር ይዤው ነበር። ስለዚህ ሰባት ሐሙስ በተከታታይ ከሰፈራችን ዳቦ ቤት እየሄድኩ፣ በዳቦ ጋጋሪው በአሞ ሸላቢ ሚዛን አሥር አሥር ዳቦ መዘንኩ። አሞ ሸላቢ የዳቦው ክብደት የተጻፈባቸውን የድሮ የተቆጣጣሪ ወረቀቶች ግድግዳው ላይ በምስማር ሰክተው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው፤ ከአምስት ዓመት በፊት መቶ ሃያ ግራም የነበረው ዳቦ ዛሬ ሰባ ስምንት ሆኗል። የዛሬው ስድስት ዳቦ የዚያን ጊዜውን አራት አያክልም ማለት ነው። እናቴ በራሽን ካርዷ የምታወጣው የዳቦ ቁጥር አልተለወጠም፣ የምትከፍለውም አልተለወጠም፤ የግራሙ ዋጋ ግን ሃምሳ አራት በመቶ ገደማ ወጥቷል። ይህንን ከነስሌቱ ጻፍኩና በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ዋጋው አልተነካም፣ የተነካው ዳቦው ነው ብዬ ፈተናውን አስረከብኩ።

እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ "ከመጽሐፉ ውጭ" ብለው ጻፉበት፤ ከሥሩም ዜሮ አስቀመጡ። ስሌቱ ተሳስቷል ግን አላሉም፤ ለዚህ ሐቀኝነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚያች ዜሮ የተነሳ ለማለፍ ሁለት ነጥብ ጎደለኝ። ትምህርቱን ሳላልፍ አልመረቅም፤ ካልተመረቅኩ ደግሞ በከተማችን የቁጠባ ማኅበር ለመስከረም የተያዘልኝ ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አባቴ ሚኒባስ እየነዳ አራት ዓመት ያስተማረኝ ለዚያ ወንበር ነበር።

ሦስተኛ፣ አቤት ብዬ ነበር። የአቤቱታውን ክፍያ ከፍዬ ወር ከጠበቅኩ በኋላ፣ ኮሚቴው መልሱን ዳግም እንደማያነብ፣ ነጥቦቹን ብቻ ዳግም እንደሚደምር ተነገረኝ። ተደመረና ትክክል ሆኖ ተገኘ። ዜሮ የትም ቢደመር ዜሮ መሆኑ በሦስት ፊርማና በአንድ ክብ ማኅተም ተረጋግጦልኛል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል እሰማ ነበር፤ አሁን ደግሞ ንጉሡ ራሱ ተከሶ ራሱ ሲደምር አየሁ።

አራተኛው ነገር ምሕረትዎ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ። ፋኩልቲው በየዓመቱ እስከ ሦስት ነጥብ ለጎደለው ተማሪ የምሕረት ነጥብ ጨምሮ ያሳልፋል፤ ማንም ምንም ሳይጠየቅ። ዘንድሮ ከክፍላችን አሥራ አንድ ሰው በዚሁ አልፏል፣ እሰየው። ለእኔ ብቻ ከነጥቡ ጋር አንድ ቅጽ ተያይዞ መጣ፤ ከመጽሐፉ ውጭ የጻፍኩት ባለማወቄ መሆኑን አምኜ ይቅርታ እንድጠይቅ የሚል። የሚያስፈልገው ፊርማዬ ብቻ ነበር።

አባቴ ቅጹን ሁለቴ አነበበው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። "ልጄ፣ ፈርሚና ውጪ" አለኝ። "ዳቦው እንደሆነ ፈረምሽም አልፈረምሽም ትንሽ ነው።"

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ መጽሐፍ ይልቅ የከበደኝ ይህ የአባቴ ቃል ነው፤ ስለዚህ እሑድ ጠዋት፣ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር፣ ለመፈረም መጣሁ። ልዋሽዎት አልችልም፣ እስክሪብቶውን ይዤ ነበር። ወረቀቱን የሰጠችኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በእርስዎ ቤት ደግነት ዕድገት አያሰጥምና ስሟን አልጽፍም። የመልስ ወረቀቴ ከቅጹ ጋር ተያይዞ ስለነበር እያገላበጠች አነበበችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሰባ ስምንት ያልኩት እውነቴን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በእጄ እንደመዘንኩት ነገርኳት።

"እኔኮ ልጆቼ ሆዳም የሆኑ መስሎኝ ነው" አለችኝ። "በልተው አልጠገብንም ሲሉኝ ስቆጣቸው ነው የከረምኩት። ትንሹንማ መትቼዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ አላየችኝም፤ ወረቀት ማስተካከል ጀመረች። እኔም እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው፣ በሐዘን እንዳይተረጉሙብኝ።

በክፍል ውስጥ የዋጋ መረጋጋት ከሠንጠረዥ የሚነበብ ነገር ነው። ሠንጠረዡ ደህና ነው ካለ፣ የጎደለው ሁሉ የሚሳበበው በድሃው ጠባይ ነው፦ እናቲቱ አታውቅበትም ይባላል፣ ልጁ ሆዱ አይሞላም ይባላል። ያን ቅጽ ብፈርም ሁለት ነጥብ አገኝ ነበር፤ ያች ሴት ግን ልጇን በከንቱ አልመታችም ብዬ በፊርማዬ መመስከሬ ነበር። በእኔ እጅ አይሆንም። የቁጠባ ማኅበሩ ወንበር ከትናንት ወዲያ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ቆጭቶኛል፤ አልደብቅም። የሚመጣው ዓመት ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ከመጣ ያንኑ እጽፋለሁ። ዳቦው ካደገ ቁጥሩን እቀይራለሁ፤ መጽሐፉ ስላልወደደው ግን አልቀይርም።

አባቴ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ከሚኒባሱ መስመር መጨረሻ ካለችው ከተማ አንድ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣና ይህንንስ መዝኚው አለኝ። ሰባ ስድስት ሆነ። አሁን ሌሎች የሚኒባስ ሾፌሮችም ከየመንገዳቸው ማምጣት ጀምረዋል፣ የአሞ ሸላቢም ሚዛን ሥራ በዝቶበታል።

ለክብርዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ፣ ግራም ሳላጎድል፣ እያቀረብኩ፣

ይቅርታ ያልጠየቀችው ተማሪዎ
ሻሂናዝ ሙጊስ፣ ከዚፍታ

ሳልረሳው፦ በስሜ የተመደቡት ሁለት የምሕረት ነጥቦች ሳይነኩ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። የመንግሥት ንብረት እንዳይባክን ለምዕራፍ አምስት ይስጡልኝ፤ ከእኔ ይልቅ ምሕረት የሚያስፈልገው እሱ ነው።