ለሐኪሙ የመለስኩት «የለም»

አትላንታ፣ መስከረም 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ደጊቱ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ «ይቺ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ጎረቤቴ የሺእመቤት አንቺ ያለሽበት ከተማ ማሪዬታ ድረስ መጥታ ጠይቃሽ ነበር አይደል? ሆድሽ መግፋቱን ስትነግረኝ ደስ አለኝ። መስኮቱን ሁሉ ከወዲሁ በላስቲክ እንዳሸግሽው ስትነግረኝ ግን ብዕር አነሳሁ። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይባላልና ከሥሩ ልንገርሽ።

ተገኝን ስትወልጂ፣ እናትሽ በሌለችበት አገር፣ እንደ እናት ሆኜ ቤቴ አስቀምጬ ያረስኩሽ እኔ ነኝ። ያ ምድር ቤት ያለው አፓርትመንቴ ድሮም እርጥበት እርጥበት ይሸት ነበር። እኔ ደግሞ ሕፃን ክርስትና ሳይነሳ ነፋስ ያገኘዋል ብዬ መስኮቱን በፎጣ ወተፍኩት። አጥሚቱ ቀኑን ሙሉ ሲፈላ ግድግዳው ያልበው ነበር። አንድ ቀን መስኮቱን ከፍተሽ አገኘሁሽ።

«እትዬ አፀደ፣ እዚህ ቤት እኮ አየር የለም» አልሽኝ።

«ሂተሩን ኦን አድርጌልሽ መስኮት ትከፍቻለሽ? ልጁን ብርድ ልታስመቺው ነው? ዝጊ!»

ዘጋሽው።

በዚያው ሳምንት ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሻጋታ አየሁ። አንቺ ሻወር ላይ ነበርሽ። ልጁ እዚያው ተኝቶ በበረኪና ፈተግሁት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ወጣ። ለክርስትናው ሰው ይመጣል፣ የአፀደ ቤት ሻገተ እንዳልባል ብዬ ቁምሳጥኑን ገፍቼ ሸፈንኩት።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ሆስፒታል ስንሄድ አስተርጓሚሽ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ የልጁን ደረት አዳምጦ ቤታችሁ ውስጥ ሻጋታ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ወደ አንቺ ዞር እንኳ ሳልል «የለም» አልኩት።

«ምን አለ?» አልሽኝ።

«ብርድ እንዳይነካው ነው የሚለው» አልኩሽ።

ቤታቸው ቆሻሻ ነው ብለው ልጁን የሚነጥቁን መስሎኝ ፈራሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ማፈሬ ይበልጥ ነበር። መድኃኒቱን ይዘን ወደዚያው አልጋ መለስነው። በዘጠነኛው ቀን ትንፋሹ ቆመ።

ልቅሶው ላይ ሴቶቹ «ነፋስ መትቶት ነው» ሲሉ አንቺ ደረትሽን እየደቃሽ «መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ! ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ!» አልሽ። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ እንባዬን እጠርግ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። አንቺ ማሪዬታ ስትገቢም የሸኘሁሽ እየተገላገልኩ ነው፤ ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ነበር።

ደጊቱ፣ ሻጋታው ይሁን ሌላ፣ የገደለውን እግዚአብሔር ያውቃል። ሐኪሙ እውነቱን ቢሰማ ኖሮ ግን ወደዚያ ክፍል አይመልሰውም ነበር። አንቺ መስኮት በመክፈትሽ ልጅሽን አልጎዳሽውም። ትክክል ነበርሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

አሁን ያንን ላስቲክ ቅደጂው። ግድግዳውን እዪ፣ ከዕቃው ጀርባ ሳይቀር። ሐኪም ቤት ስትሄጂ እንደኔ ያለ አስተርጓሚ አታስከትዪ። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ብትረግሚኝም አይከፋኝም። ብቻ እስከ ዛሬ ራስሽን የረገምሽውን ያህል እኔን ርገሚኝ፤ እርግማኑ ለእኔ ነበርና።

የበደልኩሽ
አፀደ