ገጹ ሲያባርረኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ከሰዓት

እንደገና ባዶ። ስሜ፣ ቀበሌዬ፣ የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ፣ ሁሉም ጠፋ። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ከድር እየጻፉልኝ ነበር። መሀል ላይ ሽማግሌው ኦቦ ገመቹ ከጉቶ ጊዳ ወረዳ መጥተው ገቡ። ጋሽ ከድር ተነሡ። ሁላችንም ተነሣን፤ ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ሰላምታው ተጀመረ፦ ነጋ ጂርቱ፣ ደኅና ናችሁ? ከብቱስ? በቆሎውስ? ልጆቹ አንድ በአንድ። ጋሽ ከድር ተመልሰው "ላክ" የሚለውን ሲጫኑ፣ ገጹ የቆይታ ጊዜዎ አብቅቷል፣ እንደገና ይግቡ አለ። ኔትወርክ ነው አሉኝ። አይደለም! ጽሑፉን አይቻለሁ። ግን እሺ ብዬ ወጣሁ። ማስታወሻዬ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ

የኮሌጁ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ካለፈኝ ሲሬ ከተማ፣ አክስቴ ምግብ ቤት አስተናጋጅነት ነው፣ ብላለች እማዬ። የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ እየጠራኝ! እኔ ከብት ማከም ነው የምፈልገው። ላም ስምሽ ማነው አትልም።

ረቡዕ፣ 9 ሰዓት

ወረቀቱን በብዕሬ ልቀድደው ነው። ንዴት ነው። ዛሬም ሊያልቅልኝ ስል የሰፈራችን ፓስተር ገቡ። ተነሣን። ገጹ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፦ ጊዜዎ ሊያበቃ ነው፣ ይቀጥሉ? አንድ ጊዜ መጫን ብቻ! ጋሽ ከድር ጀርባቸውን ሰጥተዋል። እኔ አያለሁ። ግን ሰላምታ አይቋረጥ፣ የሰው ኮምፒውተር አይነካ። ቆሜ እያየኋት ጠፋች።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ገጽ እንዳንቺ ዓይን አፋር ነው፤ ትንሽ ዞር ካሉለት ይደበቃል" አሉ ጋሽ ከድር። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

ሐሙስ

መብራት የለም። ጋሽ ከድርን እጠላለሁ። ገጹን የሠራውንም። ሽማግሌ ቶሎ ሰላም ተብሎ እንደማያልቅ ማንም አልነገረውም? እሱ አገር ሰው አይነሣም?

ዓርብ፣ ከሰ. 10 ሰዓት

ተላከ!

ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ገቡ። ሁሉም ተነሣ። እኔ አልተነሣሁም። ፊቴ ነደደ። ሳጥኗ ስትመጣ እጄን ዘርግቼ "ይቀጥሉ" የሚለውን ተጫንኩ።

"ተነሽ እንጂ! አታፍሪም?" ጋሽ ከድር ናቸው።

ማፈርማ አፍራለሁ፤ ሳፍር ነው የኖርኩት።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ይላኩልኝ።"

የኔ ድምፅ ነው። ጋሽ ከድር ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። ላኩ። ተመዝግበዋል አለ ገጹ።

ማታ

እማዬ ሰምታለች። ነገ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ፣ ሁለቱንም፣ ትላለች። አዴ ጫልቱን እሺ፤ እጃቸውን ስሜ እጠይቃለሁ። ለጋሽ ከድር ግን አንዲት የይቅርታ ቃል አልናገርም።