ለአንድ ቺንጋ አሥራ አንድ ፊርማ

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ፣
የበሰቃ ጎረቤታሞች ዳቦ ቤት አክሲዮን ማህበር የቦርድ ሰብሳቢ እና የእድራችን ዳኛ፣
አቃቂ በሰቃ
ኅዳር 1999 ዓ.ም.

እንደምን ሰነበቱልን? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የቦርዱ ማህተም በያላችሁበት ደህና ናችሁ ብዬ አምናለሁ። ማህተሙን ለይቼ የጠየቅሁት ካየሁት ስለቆየሁ ነው። እኛ ይመስገነው ደህና ነን፤ የሊጥ ማቡኪያ ማሽናችን ቺንጋ፣ ያ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ከተበጠሰ ግን ሃያ ሦስት ቀን ሆነው፣ ምድጃውም ቀዝቅዞ ድመት ወልዳበታለች። ይህን ደብዳቤ በእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ የለጠፍኩት ደፋር ሆኜ ሳይሆን፣ ቀደም ብዬ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ለሚመለከተው ሲመሩ ሲመሩ መንገድ ስለጠፋባቸው ነው።

ስለሆነም የዳቦ ቤቱ ጋጋሪና ባለ አንድ አክሲዮን እንደመሆኔ ስለሚከተሉት ምስጋናዬን አቀርባለሁ፦

፩. ቦርዱን በእድር ሥርዓት ስለሚመሩልን። ቺንጋው የተበጠሰ ዕለት አስቸኳይ ስብሰባ ለመጥራት የእድሩን ጥሩንባ ነፊ ላኩ። ሰፈራችን ግን ጥሩንባ የሚያውቀው ለሞት ነውና ባለአክሲዮኑ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከፊሉም ንፍሮ ቀቅሎ ደረሰ። እማማ አስካለማርያም ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ፤ የሞተው ቺንጋ መሆኑ ሲነገራቸውም አንዴ ከጀመሩ አይቀር ብለው ለቅሷቸውን ጨረሱ። ድንኳን ተተክሎ ስለነበር ሦስት ቀን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ቦርዱ እግዜር ያጽናችሁ ብሎን ተነሳ። ቺንጋ ስለመግዛት ያነሳ ሰው አልነበረም።

፪. የባለቤትዎን ወንድም አቶ አደሴን ሥራ አስኪያጅ አድርገው ስለሾሙልን። ዳቦ ቤት ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ አቶ አደሴ ግን ፀሐይን መቅደም ነውር ስለሚመስላቸው በአራት ሰዓት ይገባሉ። ከዚያ የዳቦውን ጥራት ከሻይ ጋር በትጋት ይቆጣጠራሉ። ለግምገማም ምቹ ናቸው፤ እርስዎ እሁድ እሁድ ምሳ ላይ ይገመግሟቸዋል፣ ምሳውን የሚያቀርቡት ደግሞ እህታቸው ናቸው።

፫. ዳቦ ቤቱን የሁላችንም ስላደረጉት። አርባ ሦስት ባለቤት፣ አንድ ጋጋሪ! አንዱ ባለቤት ጨው ቀንስ ይሉኛል፣ ሌላዋ ጨምር፤ ሁሉም ጌቶቼ ናቸውና ሁሉንም እሺ እላለሁ። ቺንጋ ይገዛ ያልኩ ዕለት ግን ባለቤቱ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛ ዘንድ አጥሩን የሚነቀንቁት ባለቤቶቹ ናቸው። እኔው ከኪሴ ልግዛው ብል አሥራ አንዱም የቦርድ አባላት መፈረም አለባቸው ተባልኩ። ዘጠኙ ፈርመዋል፤ አሥረኛው ለለቅሶ አገር ቤት ሄደዋል፤ አሥራ አንደኛው እርስዎ ነዎት።

፬. ባለፈው ሐሙስ ቦርዱ ስለ ቺንጋው ሲመክር ለሻይ የሚሆን ስልሳ ዳቦ ከወይዘሮ ሐጀራ ዳቦ ቤት ስላስገዙ። ዳቦ የሚገዛ የዳቦ ቤት ቦርድ ለማየት ስለበቃሁ ዕድሜዬን አመሰግናለሁ።

ጌታዬ፣ አሁንስ ቀልዱን ልተወው። ከፋብሪካ ስንቀነስ በተሰጠን ገንዘብ ጓደኞቼ ቤታቸውን አደሱ፤ እኔ ያቺን አክሲዮን ገዛሁ። የራሴ ምድጃ ይኖረኛል ብዬ ነው። አሁን በዳቦ ቤቱ በር ባለፍኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሹመት አልፈልግም፤ ቺንጋው ይገዛልኝና ልጋግር።

ከቦርዱ በታች፣ ከአቶ አደሴ በታች፣ ከአርባ ሁለቱ ባለቤቶች በታች፣ ከድመቲቱ ብቻ ከፍ ብዬ የምገኝ ትሁት ታዛዥዎ፣
አሻግሬ ዱጉማ
ጋጋሪና አርባ ሦስተኛው ባለቤት

ማስታወሻ፦ ሐሙስ የበላችሁትን ስልሳ ዳቦ የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ ምድጃችን እስኪሞቅ ድረስ ወይዘሮ ሐጀራ ሥራ ሰጥተውኛል። ረቡዕ የእሳቸውም ማቡኪያ ቺንጋ ተበጥሶ ነበር። ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ፣ ሊጡ ኩፍ ሳይል ገዝተው ተመለሱ። ስንት ሰው እንደፈረመላቸው ብጠይቃቸው አሞህ ከሆነ ግባና ተኛ አሉኝ። የኛን ጉድ ሲሰሙ አዝነው አንድ ትርፍ ቺንጋ ሰጡኝ፤ ይኸው ከደብዳቤው ጎን በምስማር ሰቅዬዋለሁ። ለመረከብ ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልግ ቦርዱ ይምከርበት፤ ጥሩንባ ግን እባክዎ አያስነፉ፣ እማማ አስካለማርያም ገና ድምፃቸው አልተመለሰም።