ታረቁና ተመለሱ

ጥቅምት 4
ዛሬም ሥነ ሥርዓት አስከባሪው «እህቴ፣ ባለጉዳይ ከኋላ ነው» አለኝ። ጥቁር ካባዬን ለብሼ! እዚህ ፍርድ ቤት አራተኛ ዓመቴ ነው። ከእኔ ሌላ ሴት ጠበቃ የለም... ዓይኑ እስኪለምድ ስንት ዓመት ይፈልግ ይሆን? ወንዶቹ «ወይዘሮ ይግባኝ» ይሉኛል። ሁልጊዜ ስለምሸነፍ ነው። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ከሰዓት አንዲት ፀጉር ሠሪ ቢሮዬ መጣች። ፍቺ ትፈልጋለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሻርፗን ስታወርድ አንገቷ ላይ ጣቶቹ ታትመዋል። ደንበኞችሽ አይጠይቁሽም ወይ አልኳት። «እትዬ፣ መስታወቱ ውስጥ የሚያዩት ራሳቸውን ነው» አለችኝ። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት።

ጥቅምት 11
እማዬ አኩርፋለች። አብራኝ መኖር ከጀመረች ወዲህ ሥራዬን ጎረቤት እየነገራት ተቸግራለች። «የሰው ትዳር ስታፈርሺ የራስሽ ሳይቆም ቀረ» አለች።

ጥቅምት 23
ችሎት። የሐኪሙን ማስረጃ አቀረብኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ፀጉር ሠሪዋን ዐዩዋት። ክፉ ሰው አይደሉም። እሱ ነው የሚብሰው... «ይሄ የባልና ሚስት ገበና ነው። ሦስት ወር ሰጥቻችኋለሁ። እስከዚያ በአንድ ቤት ኑሩ። ታረቁና ተመለሱ» አሉ። ተነሥቼ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው አልኩ። ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። ተቀመጪ ተባልኩ።

ውጭ የፀጉር ሠሪዋ እናት ይጠብቁ ነበር። እጇን ያዙ። አባቷም በወጣትነታቸው እንዲሁ ነበሩ፣ ሲበርድለት ይተዋል አሉኝ። ፀጉር ሠሪዋ ዞራ ዐየችኝ። ይግባኝ እንላለን፣ እስከዚያ ታገሺ አልኳት። ታገሺ... ይሄም ቃል ከእኔ አፍ ወጣ?

ጥቅምት 24
ይግባኙን አስገባሁ። ቀጠሮው ሩቅ ነው።

ኅዳር 6
ፀጉር ሠሪዋ ደወለች። «ባሌ ዝም ብሏል፤ ዝምታው ነው ያስፈራኝ» አለች። ለጊዜው ጓደኛሽ ጋ ሂጂ አልኳት። ትእዛዙን ጥሼ ከወጣሁ ልጄን አይነጥቀኝም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሊነጥቃት ይችላል። መዋሸት አልቻልኩም።

ኅዳር 15
ሞተች።

ኅዳር 18
ትናንት ቀበርናት። ልጇ ጎረቤት ስትጫወት ነው የሆነው። ባልየው ለፖሊስ ከደረጃ ወደቀች ብሎ ነበር። የሚኖሩት ምድር ቤት ነው። ደረጃ የለውም። አሁን ታስሯል።

ዳኛውን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። «ሰማሁ» አሉ። ሌላ የሚሉት ነገር የነበራቸው ይመስለኛል። አልጠበቅኳቸውም።

ኅዳር 27
ቢሮ ከሄድኩ ሰነበትኩ። እማዬ ሻይ በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ልተወው ይሆን? የቤት ሽያጭ ውል መጻፍም እንጀራ ነው። በውል የሚሞት ሰው የለም...

ታኅሣሥ 3
የፀጉር ሠሪዋ እናት ቤት ድረስ መጡ። የልጅ ልጃቸውን የባልየው ወንድም ወስዷታል። አስመልሽልኝ ነው የሚሉኝ። ከበር ልመልሳቸው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ያስገባቻቸው እማዬ ናት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እጇን ይዤ የመለስኳት እኔ ነኝ። እሱን ነው ፍርድ ቤት የምናገረው። አንቺ ብቻ አቁሚኝ» አሉ። እማዬ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

ነገ ቢሮ እገባለሁ።

ጥር 20
ያው ዳኛ፣ ያው አዳራሽ። የባልየው ወንድም ጠበቃ ስለ ቤተሰብ ክብር ብዙ ተናገረ። ከዚያ እናትየዋ ቆሙ። ድምፃቸው መጀመሪያ አይሰማም ነበር። «ጌታዬ፣ ገበናችንን ስንሸፍን፣ ስንሸፍን... መጨረሻ ላይ በአፈር የሸፈንነው እሷን ነው» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ልጅቱ ለአያቷ ተሰጠች። ይግባኝ ያላስፈለገኝ የመጀመሪያው ጉዳይ ይሄ ይሆን? ደስታ የሚባል ግን አልመጣም። ልጅቱ ስትወጣ እናቷ የት እንዳለች ጠየቀችኝ።

መጋቢት 2
ሹፌሩ ተፈረደበት። «አስቦ አይደለም» ተባለና ስምንት ዓመት። ለአንድ ሰው። ዐቃቤ ሕጉ በርቺ፣ ድሮ ቢሆን ሁለት ነበር አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው።

መጋቢት 16
አዲስ ደንበኛ። አስተማሪ ናት፣ ክንዷ በጄሶ ታስሯል። ሕጉ አልተለወጠም፤ ዳኛው ሦስት ወር ሰጡ። «እስከዚያ...» ብለው አቆሙ። ወደ እኔ ዞሩ። «ከባሏ ቤት ወጥታ የት ታርፋለች?» አሉ። እኔን ጠየቁ! ሳላስበው እኔ ቤት አልኩ። ከወንዶቹ ጠበቆች አንዱ አጉረመረመ። ዳኛው ይመዝገብ አሉ።

መንገዱን ሙሉ እማዬን ምን እንደምላት ሳስብ ነበር። በር ላይ ቆማ የሴትዮዋን ክንድ ዐየች። ማን ናት አላለችም፣ ጎረቤት ምን ይላል አላለችም። ገብታ የራሷን አልጋ አንሶላ መቀየር ጀመረች። እኔ ሳሎን እተኛለሁ፣ አንቺ አትልፊ ብላት አልሰማችኝም። ትራሱን ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች።

«እሷ እዚህ ትተኛ» አለችኝ። «የእኔ በር ከውስጥ ይቆለፋል።»