አባዬ ሳያውቅ የቆረጥነው ዋንዛ

ለወንድሜ ለሙሉቀን ገብረ ኪዳን፣
ጁባ።

ወንድም ዓለም፣ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ማኪና ላይ ስትውል የሚነሣብህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ እንደ ልማዱ ነው? ሙቀቱን እንዴት ቻላችሁት? እስከዳር እንዴት ናት? ትንሿ ዝማሬስ አፏን ፈታች? ባለፈው በስልክ ስትንተባተብ ስሜን የጠራችኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ለብቻዬ ስስቅ ዋልሁ። በሰው አገር ክፉ አይንካችሁ፤ የላይኛው ጌታ ከፊትም ከኋላም ይሁናችሁ። እኔ በጤና አለሁ። ልጄ ጽጌሬዳም ደኅና ናት፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፣ ቁመቷም እኔን አልፎኛል። መንገድ ላይ ብታገኛት የምታውቃት አይመስለኝም።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ወንዴ ነው፣ የአበቡ ልጅ። እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ሰንብቶ በአዲስ አበባ በኩል ሊመለስ ነው። በስልክ ያልነገርሁህ መስመሩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። ድምፅህን ስሰማ ውሸት ይቀለኛል። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ደውለህ አባዬን አገናኚኝ ስትለኝ አንዱን ቀን ተኝቷል አልሁህ፣ ሌላውን ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዷል አልሁህ። አልተኛም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልሄደም። አባዬ እዚህ ቤት የለም። አትደንግጥ፣ በሕይወት አለ፤ የምጽፍልህ መርዶ አይደለም። ተወልዶ ባደገበት በትክል ድንጋይ፣ የአጎታችን ልጅ ሙሉሰው ቤት ነው ያለው። እንዴት እንደሄደ እነግርሃለሁ። ሥራ ላይ ከሆንህ አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ቤትህ ገብተህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንተ ከዚህ ስትወጣ አባዬ ገና ያይ ነበር። ዓይኑ ፈጽሞ ከጠፋ አራት ዓመት ሆነው። ያኔ እጁን ይዤ ላወጣው ላገባው ስል እምቢ አለኝ። ገመድ አስገዛኝና አንዱን ከቤቱ በር እስከ ዋንዛው፣ ሌላውን ከዋንዛው እስከ ሽንት ቤቱ፣ ሦስተኛውን ከዋንዛው እስከ አጥሩ በር በደረቱ ልክ ወጠረው። ሲያስረው እንኳ አላስነካንም፤ አርባ ዓመት ግንብ ሲያቆም የኖረ ሰው ነው፣ ልኩን በእጁ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ማንንም ምሩኝ ብሎ አያውቅም። ጠዋት ተነሥቶ አሥራ አንድ እርምጃ ቆጥሮ ዋንዛው ዘንድ ይደርሳል፣ ግንዱን መታ መታ ያደርገዋል፣ ከሥሩ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን በቃሉ ይደግማል። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ይነግረን ነበር። ዓይኑን ያጣ ሰው አይመስልም ነበር፣ ሙሉቀን፤ እግዜር ያሳይህ፣ እንግዳ ሰው መጥቶ ተጫውቶ ሲሄድ እንኳ ማየት እንደማይችል ሳያውቅ የሚሄድበት ቀን ነበር።

ዋንዛው ግን አስቸገረን። ቤቱ ባለቀ ዓመት «ጥላ የሌለው ግንብ መቃብር ነው» ብሎ ነበር የተከለው፤ አብዝቶ ከቤቱ አስጠግቶት ኖሯል። ሥሩ ከመሠረቱ ሥር ገብቶ የአባዬን መኝታ ግድግዳ ሰነጠቀው። ስንጥቋ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ነበረች፣ አምና ጣት አስገባች። ቅርንጫፉ ደግሞ የጎረቤታችንን የአያ አንዳርጋቸውን ቆርቆሮ እየፋቀ እንቅልፍ ነሣቸው። ሸጋ ሰው ናቸው፣ ታውቃቸዋለህ፤ ሁለት ክረምት ታግሰው በሦስተኛው ነው የተናገሩኝ። በሐምሌ ገብርኤል ዕለት ያ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ አንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የማድ ቤቱን ጣራ ይዞት ገባ። ጽጌሬዳ ውኃ ልትቀዳ ከዚያ ከወጣች ገና አፍታም አልሞላት። እንስራዋን እንደያዘች ደጅ ላይ ደርቃ ቀረች።

ያን ቀን ነው ላንተ የደወልሁልህ። ያልኸኝን አንተ ረስተኸው ይሆናል፣ እኔ ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «አባዬን ብትጠይቂው እምቢ ነው የሚልሽ። ለፍልሰታ ሱባዔ ብለሽ እንፍራንዝ ውሰጂው፤ ስትመለሱ አልቆ ይቆይ» አልኸኝ። እኔም ብልሃት መሰለኝ። ይህን የማነሣው አንተን ልወቅስ አይደለም። አንተ ተናገርህ፣ እኔ አደረግሁት፤ ከእሱ ጋር መከራከሩን ስለፈራሁ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልሁህ።

ለፍልሰታ መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ጠብቀን፣ ጽጌሬዳን ቤት ጠብቂ ብለን፣ አክስታችን ወለተሩፋኤል ዘንድ እንፍራንዝ ወረድን። አባዬን እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ዘመን ሆኖኝ ነበር። ቅዳሴ አያመልጠውም፤ ከቅዳሴ መልስ ከእኩዮቹ ጋር ጥሬውን እየቆረጠመ የድሮውን ሲያወጋ ይውላል። እኔ ግን እህል አልወርድልህ ብሎኝ ሰነበተ። ነሐሴ ዘጠኝ ቀን አያ አንዳርጋቸው ደወሉና ሰዎቹ በሞተር መጋዝ ሁለት ቀን ፈጅተው እንደጨረሱ፣ ማንንም ሳይነካ እንደወረደ ነገሩኝ። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል አባዬ ማን ነው አለኝ። ጽጌሬዳ ናት፣ ናፍቃችሁኛል ትላለች አልሁት። እሱም መረቃት። ልንመለስ ስንል በትንሽ ጀሪካን ጸበል አስቀዳኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው ለዚያ ለተሰነጠቀው ግድግዳ ነው፣ እረጨዋለሁ አለኝ።

ነሐሴ አሥራ ሰባት ቀን ከቀትር በኋላ ጎንደር ገባን። ባጃጁ አጥሩ በር ላይ አወረደን። ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። አባዬ በሩን አልፎ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ቆመ። ፊቱን ወደ ላይ አቀና፤ ባርኔጣውን አወለቀና መዳፉን አናቱ ላይ አደረገ።

«ምነው ፀሐዩ?» አለኝ።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። «ነፋስ ጣለው አባዬ፣ እኛ ከሄድን በኋላ» አልሁት።

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠና እጁን ዘርግቶ ብቻውን ሄደ፤ ልይዘው ብል ክንዱን ነጠቀኝ። እግሩ ጉቶውን ሲያገኘው ተንበረከከ። ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው፤ የተጠረበ ድንጋይ ልኩ መሆኑን እንደሚያይ ሰው፣ ቀስ ብሎ። መጋዙ እንደ ገበታ አስተካክሎት ነበር።

«ነፋስ እንዲህ አድርጎ አይቆርጥም» አለ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጽጌሬዳ ደጃፉ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። እኔ እንኳን ላስተባብል፣ መሬቷ አልዋጠችኝም እንጂ ብትውጠኝ በወደድሁ። እጁን ከሰጋቱራው አራግፎ ተነሣና ወደ ቤት የሚያስገባውን የጽጌሬዳን እጅ ያዘ። በእሷ ተመርቶ ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። አልተቆጣም፣ አልረገመኝም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ብቻ የምነግረውን ሁሉ መመርመር ጀመረ። ሽሮ ነው ብዬ ሳቀርብለት ሳያሸት አይጎርስም። ሰዓት ጠይቆኝ ስነግረው ጽጌሬዳን እንደገና ይጠይቃታል። ዝናቡ አባርቷል ብዬ ብነግረው እጁን በመስኮት አውጥቶ ያረጋግጣል። ይህን ሲያደርግ ሊያሳፍረኝ ብሎ አይደለም፤ ከኔ ተደብቆ ሊያደርገው ይሞክር ነበር፣ እሱ ነው የባሰው። አያ አንዳርጋቸው አዝነው በዋንዛው ፋንታ የብረት ምሰሶ በሲሚንቶ ተክለው ገመዶቹን መልሰው ወጠሩለት። አመስግኗቸዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ግን አልያዘውም። በመስከረም፣ ዋንዛው ያብብበት በነበረው ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ ብዙ ካዳመጠ በኋላ «ዘንድሮ ንቡ የለም» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ከመስቀል ወዲያ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አልጋው ላይ አጣሁት። ጽጌሬዳ ልብስ ልታጥብ ወርዳ ነበር። ጓሮ ዞሬ ባይ ከአያ አንዳርጋቸው ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ቆሟል፣ ሁለት መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ። ሽንት ቤቱን ፍለጋ ወጥቶ አቅጣጫው ጠፍቶበት ነው። ማንንም አልተጣራም፤ ቆሞ ነው የጠበቀን። ሱሪው ርሶ ነበር። «ሰው አይቶኛል?» አለኝ። ማንም አላየህም አባዬ አልሁት። እውነቴን ነበር፣ ሙሉቀን። በግቢውም በመንገዱም ዝር ያለ ሰው አልነበረም። አላመነኝም። ያቺን ቀን እውነት ተናግሬ ላጽናናው ብፈልግ የማጽናናበት ቃል አልነበረኝም።

አጥቤው፣ ልብሱን ቀይሬለት ሳበቃ ከአጠገቡ አስቀመጠኝ። «ዛፉ መቆረጥ እንዳለበት ካንቺ በፊት አውቅ ነበር። ስንጥቁን በየቀኑ በጣቴ እለካዋለሁ። ብትጠይቂኝ እሺ እልሽ ነበር፤ መጋዙ ሲያርፍበት አጠገቡ ቆሜ እሰማ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ገመዴን ሌላ ቦታ እወጥር ነበር» አለኝ። ቀጥሎም «አልተቀየምሁሽም። ግን ዓይኔ አንቺ ነበርሽ፣ ይርገዱ። ዓይኑ የዋሸው ሰው በምን ይሄዳል?» አለኝ።

እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት። ይቅር ለእግዚአብሔር አለኝ፤ ከልቡ ነው። ይቅር ማለትና ማመን ግን ለካ አንድ አይደሉም።

አሁን የምጽፍልህን ነው መጻፍ ያቃተኝ። ልነሣ ስል እጄን ያዘና ለሙሉቀን እንዳትነግሪው አለኝ። ሰው አገር ሆኖ ይህን ቢሰማ ሆዱ ይባባል፣ ሥራውንም አይሠራ አለኝ። ቀጠለና «እሱ እዚህ ቢኖር ይህ አይደረግብኝም ነበር» አለ። ሐሳቡ ያንተ እንደነበር ብነግረው የቀረውን አንድ ልጁን ልነጥቀው ነው። ዝም ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። ዝም አልሁ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነኝ።

በጥቅምት አባዬ ወደ ሙሉሰው ሰው ላከ። የተወለድሁበትን መሬት እግሬ ያውቀዋል፣ እዚያ ዓይን አያስፈልገኝም አለን። ቅር ብሎኝ አለቀስሁ፣ ጎረቤት ሽማግሌ ሆኖ ለመነው፤ አልተመለሰም። በጥቅምት መድኃኔዓለም ማግስት ሙሉሰው መጥቶ ወሰደው። ማኪናው ውስጥ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ከሾፌሩ አጠገብ ነህ፣ መስኮቱ በቀኝህ ነው አልሁት። ወደ ሙሉሰው ዞሮ «እንዲያ ነው?» አለው። ሙሉሰው አዎ አያ አለና አፍሮ መሬት መሬት አየ። አባዬ ጽጌሬዳን ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን ዳስሶ ሳማት። እኔንም ስሞኛል። ፊቴን ግን አልዳሰሰኝም።

ቤቱ አሁን ደኅና ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ወጥቶ ግድግዳው ተለስኗል፤ ዝናብም ነፋስም አይገባበት። ግንዱ ተቆራርጦ አጥሩ ሥር እንደተደረደረ ነው፤ ማንም አልነካውም፣ ለማገዶም እጄ አልሄድልህ አለኝ። ለሙሉሰው በየእሑዱ እደውልለታለሁ። አባዬ እህል ይበላል፣ ከልጅነት ጓደኛው ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል ይለኛል። ስለኔ የሚያነሣው ነገር የለም። ሙሉቀን ደወለ ወይ ብሎ ግን በየቀኑ ይጠይቃል።

የሙሉሰውን ስልክ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ደውልለት። ምን እንደምትለው እኔ አልነግርህም። እውነቱን ብትነግረው በልጆቹ ላይ የቀረችው እምነቱ ምን እንደምትሆን አላውቅም። ባትነግረው ደግሞ እኔ ብቻዬን የበደልሁት ሆኜ ወደ መቃብሩ ሊወርድ ነው። ብቻዬን ብሸከመው ግድ የለኝም ብዬ ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ ከበደኝ። አትንገሪው ያለኝን ቃል ማፍረሴን እሱም ፈጣሪም ይቅር ይበሉኝ። ካንተ ሌላ ማን አለኝ?

እስከዳርን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሻሽ ደርሶኛል፣ እጇ ይባረክ። ዝማሬን ዓይኗን ሳምልኝ። አክስታችን ወለተሩፋኤል ከነቤተሰቧ ሰላም ብላሃለች። አያ አንዳርጋቸው ሰላም ብለውሃል፤ ግቢያችን ሲገቡ አሁንም ቀና ብለው አይሄዱም። አበቡ ልጄን በደኅና አግባልኝ ብላ ወንዴን አደራ ብላሃለች። ጽጌሬዳ ይህን ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አጎቴን ናፍቄዋለሁ በይልኝ ትላለች።

የአባዬን ሰላምታ ግን አልጻፍሁልህም። ከዚህ በፊት በላክሁልህ ደብዳቤ ሁሉ እሱ ቢልም ባይልም «አባዬም ሰላም ብሎሃል» ብዬ እዘጋው ነበር፤ ዛሬ እሱ ያላለውን በስሙ መጻፍ አልቻልሁም። ከራሱ አፍ ስማው።

እኅትህ ይርገዱ ገብረ ኪዳን
ጎንደር፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.