መድኃኒቱ ከጨጨብሳው በፊት

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሱሉልታ እንደምታውቂያት ናት፤ ጭቃው አያስረግጥም፣ የታክሲው ሰልፍ አያልቅም። ቀኑን ሙሉ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ቆሜ እውልና ማታ ስገባ ልብሴን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይጥለኛል። ላምሽን ሸጥኳት፤ ማን ይለባት? ከጓሮ በኩል አዲስ ጎረቤት ፎቅ ጀምሮ ፀሐያችንን ከለለን። ደክሞኛል እማዬ። ቢሆንም ዛሬ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ስላለኝ ነው፤ በሕይወት እያለሽ ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር።

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ እንዴት እንደነበርኩ መቼም አትረሺውም። መጀመሪያ በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ መድኃኒቱን ነርሷ ፊት ነበር የምውጠው። መንገዱ በድንጋይ ሲዘጋና ተኩስ ሲሰማ ክኒኑን ለቤት ሰጠችንና ስውጥ እንድታዪ አደራውን ለአንቺ ሰጠች። አንቺም እንደ ሹመት ቆጠርሽው። ምላሴን አስነስተሽ ካላየሽ አትለቂኝም። ክኒኑ ከባድ ነው፣ በባዶ ሆዷ ይጥላታል ብለሽ ደግሞ መጀመሪያ ጨጨብሳ ታበይኝ ነበር፤ የጫንጮ ቅቤ በጣቶቼ መሃል እስኪወርድ። ገበያው ሁሉ ተዘግቶ ያን ቅቤ ከየት ታመጪው እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።

ሁለት ወር ሞልቶ አክታዬ ሲመረመር በሽታው አለ ተባለ። ነርሷ መድኃኒቱን እየጣልሽው ነው ብላ ጠረጠረችኝ። አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ ጤና ጣቢያ ሄድሽና በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብለሽ ተጣላሻት። እኔ ግን ቀሚሴ እየሰፋኝ ሲሄድ እያየሁ መሞቴ ነው ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለጥናት የመጡ ሐኪሞች ደሜን ወሰዱ። የዋጥኩት መድኃኒት ደሜ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ለካ እነሱ ይለኩታል። ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ከመዋጥሽ በፊት ምን ትበያለሽ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ። ቅባት የበዛበት ምግብ ሆድ ውስጥ ካለ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ፣ ደግሞም አንሶ ነው አለኝ። ሌላ ቀን በባዶ ሆዴ ውጬ ሲለኩት ደህና ሆነ። ምግቡን እንዳትተዪው፣ ያስፈልግሻል፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ግን ቆየት ብለሽ ብዪው ብሎ አሰናበተኝ።

ይህን ለአንቺ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ያን ሁሉ የለፋሽበት ቅቤ መድኃኒቴን አስቀረው ልበልሽ? አቃተኝ። ሐኪሙ ሰዓት ቀየረልኝ ብዬ አለፍኩት። ክኒኑን በማለዳ፣ ጨጨብሳሽን ረፈድ ሲል እየወሰድኩ ዳንኩ። አንቺም ጨጨብሳው አዳናት ብለሽ ለመንደሩ ሁሉ አወራሽ። እኔም እየሳቅኩ ዝም አልኩ።

አሁን የጎረቤታችን የአዴ ሎሚ ልጅ በዚሁ በሽታ ተይዛለች። ባለፈው እሁድ ጠዋት ልጠይቃት ስገባ አዴ ሎሚ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ይዘው ብቅ አሉ፤ ክኒኑ ከጎኑ ተቀምጧል። እናትሽ ያስተማረችኝ ነው አሉኝ ደስ ብሏቸው። ልጅቷ አጥንቷ ነው የቀረው። አክታዋም እንዳልጠራ ነገሩኝ።

እማዬ፣ ተናደድኩብሽ። ሞተሽም ማብላት አልተውሽም ብዬ። ዝም ብል ይቺ ልጅ ልትሞት ነው። ብናገር ደግሞ ሰዉ ሁሉ ልጇን ልትገድል ነበር ብሎ ያማሻል፤ አንቺ ደግሞ ተነስተሽ መልስ አትሰጪ። ልጅቷ እጇን ስትዘረጋ ሳህኑን ያዝኩባት። ሐኪሙ ያለኝን፣ ከደሜ የተገኘውን፣ ከአንቺ የደበቅኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። በማግስቱም ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲጠይቁ ለመንኳቸው።

አዴ ሎሚ ሳህኑን አነሱና ለልጃቸው ክኒኑንና ውሃውን ብቻ ሰጧት።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «እናትሽ ይህን ብታውቅ ኖሮ ያን ዕለት ሌሊት ተነስታ በሬን ታንኳኳ ነበር።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ቅስምሽ እንዳይሰበር ብዬ ነበር የደበቅኩሽ። አዴ ሎሚ ግን ከእኔ ይልቅ ያውቁሽ ነበር። እውነቱን ብነግርሽ ትንሽ ታኮርፊ ይሆናል እንጂ፣ ሳይነጋ መንደሩን ትዞሪው ነበር።

አልረሳሽም እማዬ። ቅቤሽንም ስህተትሽንም ሳልደብቅ አወራልሻለሁ። በዚህ መንደር አንድ ሰው ሳል ያዘውና ክኒን ጀመረ ሲባል ብሰማ፣ የቱንም ያህል ደክሞኝ ብገባ፣ በር የማንኳኳው እኔ ነኝ።

ልጅሽ