ለማይረጋው ጋዝ ጸበል

ሰርኬ፣

ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ እጽፍልሻለሁ፤ ብርዱ የላቦራቶሪያችንን ፍሪጅ ያስንቃል። እንዳልሽኝ ጸበል ልቀዳልሽ ስል አባ ወልደ ሩፋኤል «ለማን ነው?» አሉኝ። እውነቱን ተናገርኩ፦ «ለሚቴን ጋዝ ነው፣ አባ። ጓደኛዬ ከውኃ ጋር ረግቶ የሚነድ በረዶ እንዲሆንላት ስታርችም ሳሙናም ጨምራበት እምቢ ብሏታል።»

«ክርስትና ስሙ ማነው?» አይሉኝ መሰለሽ! ጨነቀኝና ያንቺን ሰጠሁ፤ «ወለተ ኪዳን» አልኩ። ጸሎቱን አድርሰው ሃይላንዱን ሲሰጡኝ «ጋዙስ በጊዜው ይረጋል፤ ይህን እሷ በባዶ ሆዷ ትጠጣው፤ የቸኮለችው እሷ ናት» አሉ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እማማን ሳሚልኝ፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉትን ሁሉ ሰላም በይልኝ። እስክመጣ ምንም እንዳትጨምሪበት፤ ጋዙ በስምሽ እየተጸለየለት ነው።

የትናየት